የባዮፊልም ፕሌት ቁጥር ለምን ይዘበራረቃል? ዲስኩ «ሴንሲቲቭ» ያለው ባክቴሪያስ ለምን አይሞትም?

ናሙና_24፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከካቴተር (በሽተኛው ሰውነት ውስጥ ከሚገባ ቱቦ) የተገኙ 24 ኢሶሌቶች፣ ማለትም ለይተን ያሳደግናቸው ባክቴሪያዎች፣ አሉኝ። 18ቱ ኮአጉሌዝ ኔጋቲቭ ስታፊሎኮከስ ናቸው፤ አብዛኞቹ ኤፒደርሚዲስ። 6ቱ ፕሴዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ናቸው። ባዮፊልም (ባክቴሪያ ገጽ ላይ ተጣብቆ የሚሠራው ሽፋን) መሥራት አለመሥራታቸውን 96 ጉድጓድ (ዌል) ባለው ፕሌትና ክሪስታል ቫዮሌት በተባለ ቀለም እየለካሁ ነው፤ ቁጥሩ ግን አልጨበጥ አለኝ።

አሠራሬ ይህ ነው። ያደረ ካልቸር በቀጥታ 200 ማይክሮሊትር በየዌሉ፤ ብሮዙ (ፈሳሽ ምግቡ) ምንም ያልተጨመረበት ትሪፕቲክ ሶይ፤ በ37 ዲግሪ 24 ሰዓት፤ በማጠቢያ ጠርሙስ 3 ጊዜ ማጠብ፤ 1% ክሪስታል ቫዮሌት 150 ማይክሮሊትር ለ15 ደቂቃ፤ እንደገና ማጠብ፤ 150 ማይክሮሊትር 95% ኢታኖል፤ በ570 ናኖሜትር ማንበብ።

የአንዱ ኢሶሌት ሦስት ዌሎች 0.42፣ 1.90 እና 0.77 ያነባሉ። ባክቴሪያ ያልገባበት ባዶ ዌል ራሱ 0.38 ነው። ፕሴዶሞናሶቹ ደግሞ ግድግዳው ላይ በዓይን የሚታይ ሐምራዊ ቀለበት እያላቸው ማሽኑ እንደሌሉ ያህል ነው የሚያነባቸው። ኮንጎ ሬድ አጋር (ባዮፊልም ሠሪውን በጥቁር ኮሎኒ የሚለይ ምግብ) ላይ የጠቆሩት ስታፊሎኮከሶችም ፕሌቱ ላይ ደካማ ሆነው ወጡ።

ሌላው ጥያቄዬ፦ በዲስክ (መድኃኒት ባለው ክብ ወረቀት) ስንሞክራቸው ብዙዎቹ ለቫንኮማይሲን፣ ለጄንታማይሲንና ለሲፕሮፍሎክሳሲን ሴንሲቲቭ ናቸው፤ ማለትም መድኃኒቱ ይሠራባቸዋል። 24 ሰዓት የሆነው ባዮፊልም ላይ ያንኑ መድኃኒት አድርጌ በማግስቱ ቀለም ስቀባው ግን ቀለሙ ምንም አይቀንስም። ይህ ሬዚስታንስ (መድኃኒቱን መቋቋም) ነው ብዬ ልጻፈው?


ፕሌት_አንባቢ፦

ከባዶው ዌል ይጀምሩ። እሱ ሳይስተካከል ሌላውን ማረም ከንቱ ድካም ነው፤ ምድቡ ሁሉ የሚሰላው ከእሱ ተነስቶ ነውና።

የተለመደው ስሌት የባዶዎቹን አማካይ ወስዶ የስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸውን ሦስት እጥፍ መደመር ነው። የሚገኘው ቁጥር መቁረጫው ነው። ከመቁረጫው ያልበለጠ «አይሠራም»፣ እስከ 2 እጥፉ «ደካማ»፣ እስከ 4 እጥፉ «መካከለኛ»፣ ከዚያ በላይ «ጠንካራ» ይባላል። አሁን የእርስዎን ያስሉት። ባዶው 0.38፣ ዴቪዬሽኑ 0.09 ቢሆን መቁረጫው 0.65 ይመጣል፤ ጠንካራ ለመባል ከ2.60 በላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ባዶው ንጹሕ ሆኖ 0.08፣ ዴቪዬሽኑም 0.01 ቢሆን ግን መቁረጫው 0.11፣ የጠንካራው ድንበር 0.44 ነው። በቆሸሸው ፕሌት 0.60 ያነበበ ኢሶሌት «አይሠራም» ተብሎ ይጣላል። ያው ኢሶሌት የ0.30 ትርፍ ቀለሙ ቢነሳለት 0.30 ያነባል፤ መካከለኛ ይሆናል። ባክቴሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው።

ባዶውን የሚያቀልሙት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ክሪስታል ቫዮሌት ሲቆይ ይዘቅጣል፤ ያልተጣራ ከሆነ ደቃቁ ቅንጣት ዌሉ ግርጌ ላይ ቁጭ ብሎ ኢታኖሉ ሲገባ ይሟሟል። ስለዚህ ከመጠቀምዎ በፊት በዋትማን ቁጥር 1 ወረቀት ወይም በ0.45 ማይክሮሜትር ፊልተር ያጣሩት። የታጠበ ፕሌት ደግሞ መጠቀም ሌላው ጥፋት ነው፤ ጭረቱ ሁሉ ቀለም ይይዛል። ለኤላይዛ (የአንቲቦዲ መለኪያ ምርመራ) የሚሸጠው ፕሮቲን በብዛት የሚይዝ ፕሌትም አይሆንም፤ የብሮዙን ፕሮቲን ጠጥቶ ቀለም ይይዛል። የሚፈለገው ግርጌው ጠፍጣፋ፣ ለሴል ካልቸር የተዘጋጀ፣ ክዳን ያለው ፖሊስታይሪን ነው። ባዶ ማለት ደግሞ ብሮዝ ገብቶበት፣ አብሮ አድሮ፣ አብሮ ታጥቦ፣ አብሮ የተቀባ ዌል ነው። ኢታኖል ብቻ የተጨመረበትን ንጹሕ ዌል ባዶ ብሎ መቁጠር ራስን ማታለል ነው።

ወደ 0.42፣ 1.90 እና 0.77 ስንመጣ፣ የምጠረጥረው ማጠቢያ ጠርሙሱን ነው። ጠርሙስ የሚተፋው ውሃ ግርጌውን እንደ ቧንቧ ይመታዋል፤ አንዱ ዌል ላይ ገና ያልጠነከረውን ሽፋን ገሽልጦ ይወስዳል፣ ጎረቤቱን ይምረዋል። ፕሌቱን ገልብጠው ብሮዙን በአንድ ጊዜ ያራግፉ፤ ከዚያ 300 ማይክሮሊትር ፒቢኤስ (የጨው ባፈር) በባለብዙ ጫፍ ፒፔት፣ ጫፉን የዌሉ ግድግዳ ላይ አስደግፈው በቀስታ ይልቀቁ። 3 ጊዜ ይበቃል። ባለብዙ ጫፍ ፒፔት ከሌለ ፕሌቱን ሰፋ ባለ ሳህን ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ መንከርና ማራገፍ ከጠርሙሱ እጅግ ይሻላል።

የዘለሉት ደረጃም አለ፤ ቀለም ከመቀባት በፊት ማድረቅና ማጣበቅ። ለስታፊሎኮከስ ፕሌቱን ገልብጦ በ60 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ማቆየት ወይም 150 ማይክሮሊትር ሜታኖል ለ20 ደቂቃ አድርጎ አፍስሶ በአየር ማድረቅ። ሁለቱም ይሠራሉ፤ አንዱን ሳምንት በዚህ ሌላውን በዚያ ማድረግ ግን አይሆንም።

ሦስተኛው ጉዳይ የሚዘራው መጠን ነው። ያደረ ብሮዝ በቀጥታ ሲገባ አንዱ ኢሶሌት በብዛት፣ አንዱ በጥቂቱ፣ ግማሹ ሞቶ ነው የሚገባው። ከ24 ሰዓት ኮሎኒ 0.5 ማክፋርላንድ (በድፍርስነት የሚለካ የባክቴሪያ መጠን) ያዘጋጁ፣ በብሮዙ 1 ለ100 ያቅጥኑት፤ በሚሊሊትር ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። 200 ማይክሮሊትሩን ከዚያ ይዝሩ።

ብሮዙ ላይ ለስታፊሎኮከስ 1% ግሉኮስ ይጨመርበታል። ግሉኮሱን ሲያብላሉት አሲድ ይወጣል፤ በስታፊሎኮከስ ኦሬየስ እንደሚታወቀው አሲዱ ኤጂአር የተባለውን የመነጋገሪያ ሥርዓት ያዳክመዋል፣ ኤጂአር ደግሞ ባዮፊልሙን በትኖ የሚለቅ ነው። ግሉኮሱን ከብሮዙ ጋር አብረው ኦቶክሌቭ አያድርጉ፤ ቡናማ ይሆናል። የ20% መፍትሔ ለብቻው ያምክኑና 5 ሚሊሊትሩን በ95 ሚሊሊትር ብሮዝ ላይ ይጨምሩ። ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ ከመነሻው በሊትር 2.5 ግራም ግሉኮስ እንዳለውም ሪፖርቱ ላይ ይጥቀሱ። ለፕሴዶሞናስ ግን ይህን ግሉኮስ አይጨምሩ።

የፕሌቱ ዳርቻ 36 ዌሎች ቶሎ ይተናሉ፤ ንጹሕ ውሃ ሞልተው ይተዉአቸው። መካከል 60 ይቀራል፤ በሦስት ሦስት ሲካፈል 20 ቦታ ነው። ሦስቱን ለባዶው፣ ለጠንካራው ኮንትሮል (መመሳከሪያ ዘር) ኤቲሲሲ 35984 እና ለማይሠራው ኤቲሲሲ 12228 ይስጡ። በአንድ ፕሌት 17 ኢሶሌት ይገባል፤ የእርስዎ 24 በሁለት ፕሌት ይሄዳል፣ ኮንትሮሎቹም በሁለቱም ላይ ይደገማሉ። ሁሉንም በሦስት የተለያዩ ቀናት ይድገሙት። መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ለሰዓታት የቀዘቀዘበትን ፕሌት ከሌሎቹ ጋር አማካይ ውስጥ አያስገቡ። ኮንትሮሎቹ ከወትሮው ቢወርዱ የሚያውቁት በዚሁ ነው።

ቀለበቱ ምሥጢር የለውም። 200 ማይክሮሊትር ካልቸር አስቀምጠው 150 ማይክሮሊትር ኢታኖል ነው የጨመሩት። ፕሴዶሞናስ ኦክስጅን ፍለጋ ብሮዙና አየሩ የሚገናኙበት መስመር ላይ ነው የሚሰፍረው፤ ኢታኖሉ እዚያ አልደረሰም። ያዩት ቀለበት ሳይሟሟ እላይ ቀርቷል፤ የማሽኑ ብርሃን ደግሞ ከላይ ወደ ታች በመካከል ስለሚያልፍ ግድግዳውን አያይም። ለፕሴዶሞናስ ካልቸሩን 100፣ ክሪስታል ቫዮሌቱን 125፣ ማሟሟቻውንም 125 ማይክሮሊትር ያድርጉት። 0.1% ክሪስታል ቫዮሌትና 30% አሴቲክ አሲድ ለዚህ ጥሩ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ንባቡ 3 ካለፈ ማሽኑን አይመኑት። ከዌሉ ላይ ወስደው በዚያው ማሟሟቻ 1 ለ4 አቅጥነው በአዲስ ፕሌት አንብበው ያባዙት።


ናሙና_24፦

በጣም አመሰግናለሁ። ፕሌቶቹ አዲስ ናቸው፣ ግን የኤላይዛ ናቸው፤ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ኮንጎ ሬዱንስ ምን ላድርገው? ዋናው ግን የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው።


ማትሪክስ፦

ኮንጎ ሬዱን ባጭሩ ልዝለለው። አሠራሩ በሊትር 37 ግራም ብሬይን ኸርት ብሮዝ፣ 50 ግራም ሱክሮስ፣ 10 ግራም አጋር እና 0.8 ግራም ኮንጎ ሬድ ነው። ኮንጎ ሬዱ ለብቻው በውሃ ተሟሙቶ ኦቶክሌቭ ይደረግና አጋሩ 55 ዲግሪ ሲደርስ ይቀላቀላል። ጥቁርና ደረቅ ኮሎኒ ፖዘቲቭ ይባላል። ከፕሌቱ ጋር ግን ብዙ ጊዜ አይስማማም፤ ስኳሩ፣ የአጋሩ ውፍረትና የማደሪያው ሰዓት ቀለሙን ይለዋውጡታል። ለመነሻ ማጣሪያ እንኳን የምመርጠው አይደለም። ሁለቱ ሲጣሉ ፕሌቱን ይመኑ።

አሁን ወደ «ሬዚስታንስ ነው?»። እስካሁን ባሳዩን ነገር አይባልም። ክሪስታል ቫዮሌት የሞተውንም ያልሞተውንም፣ በመካከላቸው ያለውን ዝልግልግ ማትሪክስም እኩል ይቀባል። መድኃኒቱ 99% ቢገድል እንኳን ሬሳው እዚያው ተጣብቆ ስለሚቀር ቀለሙ አይቀንስም። የጠየቁት «ሞተ ወይ?» ሲሆን የለኩት «ተነቀለ ወይ?» ነው።

ባዮፊልም ምን እንደሆነ በእጅዎ የሚያውቁት ነገር ነው። ውሃ የሚቀመጥበት ጀሪካን ውስጡ ሲነካ የሚያዳልጠው ሽፋን እሱ ነው። ማለቅለቅ አያነሳውም፤ ጠጠርና ጥቂት ውሃ ጨምሮ ማንገጫገጭ ያነሳዋል። ካቴተር ላይ ያለውም በባሕርዩ ያው ነው። መጀመሪያ ሴሎቹ ፕላስቲኩን ወይም ፕላስቲኩን የለበሰውን የደም ፕሮቲን በልል ይነኩታል፣ ቀጥሎ ይጣበቃሉ፣ ይባዛሉ፣ ማትሪክስ ያመርታሉ፣ በመጨረሻም ከፊሎቹ ተላቀው ደም ውስጥ ይገባሉ። ማትሪክሱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ የኤፒደርሚዲስ ዘሮች በአይካ ጂኖች የሚመረት ፒኤንኤጂ የተባለ የስኳር ሰንሰለት አላቸው፤ ሜቲሲሊን የማይገድለው ኦሬየስ ብዙ ጊዜ በፕሮቲንና ከሞቱ ሴሎች በወጣ ዲኤንኤ ይተማመናል። ፕሴዶሞናስ ፒኤስኤል፣ ፔል እና አልጂኔት አለው። የእርስዎን ስታፊሎኮከሶች ለመለየት 24 ሰዓት የሆነውን ባዮፊልም አጥቦ አንዱን ረድፍ በ10 ሚሊሞላር ሶዲየም ሜታፔሪዮዴት፣ ሌላውን በሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም ፕሮቲኔዝ ኬ፣ ሦስተኛውን በየባፈራቸው ብቻ ለ2 ሰዓት በ37 ዲግሪ ማቆየትና ከዚያ መቀባት ነው። በፔሪዮዴት የሚነሳው ስኳር፣ በፕሮቲኔዝ የሚነሳው ፕሮቲን ነው። ክሪስታል ቫዮሌት ትክክለኛ ቦታው እንዲህ ያለው ሙከራ ነው፤ የሚለካው መነቀልን ነውና።

መድኃኒቱ የማይገድልበትን ምክንያት ሰው ሁሉ «ማትሪክሱ ስለሚከልለው» ይላል። በከፊል እውነት ነው፤ ለአንዳንዱ መድኃኒት ብቻ። ቶብራማይሲን አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው ከአልጂኔትና ከዲኤንኤው ጋር ላይ ላዩን ይጣበቃል፣ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ግን ያለ ብዙ ችግር ዘልቆ ይገባል፤ ገብቶም ሁሉን አይጨርስም። እ.ኤ.አ. በ2000 በክሌብሲየላ ኒሞኒዬ ላይ የወጣ ሥራ ይህን በደንብ ለይቶታል። ቤታ ላክታሜዝ ያለው ዘር አምፒሲሊኑን ወደ ውስጥ ከመድረሱ በፊት ይበጣጥሰዋል፤ ኢንዛይሙ የሌለው ዘር ላይ ደግሞ አምፒሲሊኑ ሙሉ በሙሉ አልፎ ገባ፣ ባዮፊልሙ ግን አሁንም አልሞተም። መድኃኒቱ ደርሷል፤ የሚገድለው ሥራ ላይ ያለ ሴል ግን አላገኘም።

ለምን? ላይኛው ሽፋን ኦክስጅኑንና ምግቡን ይጨርሰዋል። የፕሴዶሞናስ ባዮፊልም ውስጥ ኦክስጅን በጥቂት አሥር ማይክሮሜትሮች ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ያለው ሴል ቆሟል፣ አይከፈልም። ቤታ ላክታም የሚገድለው ግድግዳ እየገነባ ያለን ሴል ነው፤ ጄንታማይሲን ወደ ውስጥ የሚሳበው ሴሉ ሲተነፍስ ነው። ሥራ ያቆመ ሠራተኛን በሥራው አታሰናክለውም። ኮሊስቲን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሜምብሬኑን ስለሚያጠቃ የተኙትን ውስጠኞቹን ይገድልና፣ ንቁዎቹ ላይኞች ሊፒዳቸውን ለውጠው ያመልጡታል። ኮሊስቲንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን ማጣመር በላቦራቶሪ የሚሠራው እርስ በርስ ስለሚሞላሉ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ፐርሲስተሮች፣ ማለትም ጂናቸው ሳይለወጥ ከመድኃኒቱ የሚተርፉ ጥቂት ሴሎች፣ አሉ። ጆሴፍ ቢገር እ.ኤ.አ. በ1944 ስሙን ሲያወጣለት ያየው፣ ፔኒሲሊን የወረደበት ስታፊሎኮከስ ውስጥ ከሚሊዮን አንድ ያህሉ እንደሚተርፍና የተረፈው ዘሩ ሲበቅል እንደገና በዚያው ፔኒሲሊን እንደሚሞት ነው። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ከመድኃኒቱ የተረፈውን ኮሎኒ ወስደው ኤምአይሲውን (እድገቱን የሚያግደውን ዝቅተኛ የመድኃኒት መጠን) እንደገና ይለኩ። ያው ከሆነ፣ ወይም በአንድ የእጥፍ ደረጃ ብቻ ከተለየ፣ ቶለራንስ ነው፤ ጂኑ አልተለወጠም። 4 እጥፍና ከዚያ በላይ ከጨመረ ሬዚስታንስ ነው፤ አዲስ ዘር ተገኝቷል።

ፐርሲስተርን ከባዮፊልም ለይቶ «ብቸኛው ምክንያት» የሚያደርጉ ጽሑፎች አሉ፤ አልስማማም። ከላይ ያሉት ሁሉ አብረው ይሠራሉ። የመጨረሻው የሚያስፈራው ነው፦ ከሚገድለው መጠን በታች የሆነ ቶብራማይሲን ፕሴዶሞናስን ጭራሽ ባዮፊልም እንዲሠራ ያነሳሳዋል። ያነሰ ዶዝ ግማሽ ጥቅም አይደለም፤ ማዳበሪያ ነው።


ጠብታ_10፦

ማትሪክስ ያለውን ሳልደግም፣ እንዴት እንደሚለካ ልጻፍ። ከዚያ በፊት አንድ እርማት፤ ለስታፊሎኮከስ የቫንኮማይሲን ዲስክ አይሠራም። ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ በአጋር ውስጥ በዝግታ ነው የሚሄደው፤ መካከለኛዎቹንም ከሴንሲቲቮቹ አይለይም። በዲስክ ያገኙትን የቫንኮማይሲን ውጤት ከሰንጠረዡ ያውጡትና በብሮዝ ማይክሮዳይሉሽን ኤምአይሲ ይለኩ፤ በሲኤልኤስአይ (የአሜሪካው የላቦራቶሪ መመዘኛ አውጪ ተቋም) ሴንሲቲቭ የሚባለው ለኮአጉሌዝ ኔጋቲቮቹ እስከ 4፣ ለኦሬየስ እስከ 2 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ነው። የሜቲሲሊኑን ሬዚስታንስ በ30 ማይክሮግራም ሴፎክሲቲን ዲስክ ማየት ይቻላል።

ለባዮፊልሙ፦ 24 ሰዓት የሆነውን ፕሌት 2 ጊዜ አጥበው፣ ካታዮን የተስተካከለለት ሙለር ሂንተን ብሮዝ ውስጥ በእጥፍ የቀጠነ መድኃኒት 200 ማይክሮሊትር ይጨምሩ። ከ1 እስከ 1024 ማይክሮግራም በሚሊሊትር 11 ደረጃ ነው፤ መድኃኒት የሌለበት ዌል 12ኛው ነው፣ ረድፉ ይሞላል። እዚህ ላይ የዳርቻውን ዌል ባዶ መተው ስለማይቻል ፕሌቱን እርጥብ ጨርቅ ባለበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያሳድሩት። 24 ሰዓት በ37 ዲግሪ።

መድኃኒቱ ከየት መጣ? የመርፌ ብልቃጥ መለያው ላይ የተጻፈው የመድኃኒቱ ክብደት ነው፤ ውስጡ ያለው ዱቄት ግን ሌላም ነገር ሊኖረው ይችላል። ፖቴንሲው (በአንድ ሚሊግራም ዱቄት ውስጥ ያለው ትክክለኛ መድኃኒት) የተጻፈበት የላቦራቶሪ ዱቄት ይፈልጉ። 10 ሚሊሊትር በ10240 ማይክሮግራም ለማዘጋጀት፣ ፖቴንሲው በሚሊግራም 900 ማይክሮግራም ቢሆን፣ 10 በ10240 ተባዝቶ ለ900 ሲካፈል 113.8 ሚሊግራም ነው። 102.4 ከመዘኑ ከመነሻው 10% አጥተዋል። ይህን 1 ለ10 ማቅጠን 1024 ይሰጣል።

በማግስቱ መድኃኒቱን አፍስሰው 2 ጊዜ ያጥቡ። ይህ መታጠብ ለወጉ አይደለም፤ ከ1024ቱ ዌል የተረፈ ጠብታ አጋሩ ላይ አብሮ ቢወርድ የተረፉትን ሴሎች እዚያው ያግዳቸውና «ሁሉም ሞቱ» ያስብላል። ከዚያ 200 ማይክሮሊትር ሳላይን ጨምረው በ40 ኪሎኸርዝ የሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚያንቀጠቅጥ) ገንዳ ለ5 ደቂቃ ያንቀጥቅጡ፣ የቀረውን በፒፔት ጫፍ ግርጌውንም ግድግዳውንም ፍቀው ያላቅቁ፣ በ10 እጥፍ እያቀጠኑ ከየደረጃው 10 ማይክሮሊትር አጋር ላይ ያንጠባጥቡ። ሳይቀጥን ከተንጠባጠበው አንድ ኮሎኒ ማለት በዌሉ 20 ሴል ማለት ነው፤ ከዚያ በታች አያዩም። «ዜሮ» አይጻፍም፤ «ከ20 በታች» ይጻፋል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ሶኒኬተሩ ራሱ የሚገድል መሆኑን ለማወቅ፣ የሚዋኙ ሴሎችን ብቻ የያዘ ሳላይን ከፊትና ከኋላ ቆጥረው ያመሳክሩ። ሁለተኛው፣ ሶኒኬተሩ ያልበተነው ክምር አንድ ኮሎኒ ሆኖ ይበቅላል፤ መቶ ሴል አንድ ይመስላል፤ መድኃኒቱም ከሠራው በላይ የሠራ ይመስላል። ከተጠራጠሩ ጠብታውን በግራም ቀብተው በማይክሮስኮፕ ይዩ፤ ኤፒደርሚዲስ ላይ ክምሩ በግልጽ ይታያል።

ከቆጠራ ይልቅ ሬዛዙሪን የተባለው ቀለም ይቀላል የሚሉ አሉ። ሰማያዊው ወደ ሮዝ ሲቀየር ሴሉ ይሠራል ማለት ነው። ግን የተኙ ጥቂት ሴሎች በአጭር ሰዓት ቀለሙን አይቀይሩትም፤ በጣም ብዙ ሲሆኑ ደግሞ ሮዙንም አልፈው ቀለም አልባ ያደርጉታል። የፕሴዶሞናስ ፒዮሲያኒን አረንጓዴ ሰማያዊም ያምታታል። እኔ ቆጠራውን ነው የማምነው።

ውጤቱ ሲመጣ አይደንግጡ። ኤምአይሲው 1 የሆነ ኢሶሌት በባዮፊልም 256 ወይም ከ1024 በላይ ቢጠይቅ የተለመደ ነው። ይህንን ቁጥር ግን ለሐኪም «ሬዚስታንት» ብለው አይላኩ፤ ሲኤልኤስአይም ሆነ ዩካስት (የአውሮፓው አቻው) ለባዮፊልም ያወጡት መቁረጫ የለም። ለጥናት ነው።

ፕሌቱን ከመጣልዎ በፊት ኦቶክሌቭ ያድርጉት። በረኪና ብቻ ካፈሰሱበት ላይኛውን ሽፋን ነው የሚያጸዱት፤ የውስጡ ይተርፋል።


ክሊኒካል_ፋርማሲ፦

ዲስኩ ሴንሲቲቭ ብሎ ትኩሳት ሲመለስ ዋርድ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛውን መድኃኒት እንቀይር?» ነው። መጠየቅ የነበረበት «ካቴተሩ አሁንም እዚያ ነው?» የሚለው ነው። በደም የሚዘዋወረውን ቫንኮማይሲን ያጠፋዋል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ፕላስቲኩ ላይ ያለው እንደገና ይለቃል። ኦሬየስ ከሆነ ካቴተሩ ይወጣል፣ ሕክምናው ከ14 ቀን አያንስም፤ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ኮአጉሌዝ ኔጋቲቭ ሆኖ ካቴተሩ ከወጣ ባልተወሳሰበ ሁኔታ ከ5 እስከ 7 ቀን ይበቃል።

ማውጣት የማይቻል ከሆነ፣ ለምሳሌ ለዳያሊሲስ ሌላ መግቢያ ከሌለ፣ የመድኃኒት መቆለፊያ አለ፤ ቫንኮማይሲን በሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ከሄፓሪን ጋር ቱቦው ውስጥ ተሞልቶ ይቆያል፣ ከደም ሥር ከሚሰጠው ጎን ለጎን ከ10 እስከ 14 ቀን። 5 ሚሊግራም ማለት 5000 ማይክሮግራም ነው፤ ኤምአይሲው 2 ለሆነ ባክቴሪያ 2500 እጥፍ። ጠብታ_10 የጻፉት 1024 ለምን እንዳልበዛ ከዚህ ይታያል። በደም ሥር ይህን ያህል መጠን ማድረስ የሚታሰብ አይደለም።

ላቦራቶሪዎችም እዚህ ይርዱን። የካቴተር ጫፍ ሲላክ አጋር ላይ ማንከባለል የውጪውን ገጽ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ከ5 ሴንቲሜትር ጫፍ 15 ኮሎኒና በላይ ትርጉም አለው። ለረጅም ጊዜ የቆየ ካቴተር ላይ ግን ባዮፊልሙ በአብዛኛው ቱቦው ውስጥ ነው፤ ጫፉን ሶኒኬት ካላደረጋችሁት «ኔጋቲቭ» ትሉናላችሁ። ካቴተሩን ሳያወጡ ለማወቅ እኩል መጠን ደም ከካቴተሩና ከክንድ በአንድ ጊዜ መውሰድ ነው፤ የካቴተሩ ጠርሙስ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ፖዘቲቭ ካለ ምንጩ እሱ ነው።

ስለ ሪፋምፒሲን ሰው ሁሉ ስለሚጠይቅ፦ አዎ፣ የስታፊሎኮከስ ባዮፊልም ላይ ጠንካራ ነው። የታወቀው ማስረጃ ግን ብረት ወይም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ በቀዶ ሕክምና ከተጸዳ በኋላ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሆኖ ነው። ብቻውን ከተሰጠ አንድ ነጥብ ሚውቴሽን በቀናት ውስጥ ያበላሸዋል። እኛ አገር ሌላ ምክንያትም አለ፤ ሪፋምፒሲን የቲቢ መድኃኒት ነው። በሽተኛው ያልታወቀ ቲቢ ካለበት ለስታፊሎኮከስ ብለን የሰጠነው፣ ለቲቢው ብቻውን የተሰጠ ያህል ይሆናል። ከመጀመሩ በፊት ሳልና ክብደት መቀነስ ይጠየቅ፣ ራጅ ይታይ። ዶሉቴግራቪር (የኤችአይቪ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰውም ዶሉቴግራቪሩ 50 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ መሆን አለበት።


ናሙና_24፦

የቫንኮማይሲኑን ዲስክ ከሰንጠረዡ አወጣዋለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ የፕሴዶሞናሱን ካልቸር 200 ላይ ትቼ ቀለሙንና ማሟሟቻውን ብቻ ብጨምርስ? ለስታፊሎኮከስና ለፕሴዶሞናስ ሁለት ዓይነት መጠን ማስታወስ ስለሚከብድ።


ፕሌት_አንባቢ፦

ይቻላል፤ ሁለቱንም 250 ያድርጓቸው፣ ዌሉ ይችለዋል። ዋናው ነገር የኋለኛው ፈሳሽ ከፊተኛው መስመር በላይ መቆሙ ነው። ግን 250 ማይክሮሊትር ውስጥ የሟሟ ቀለም ከ125ቱ ይልቅ የቀጠነ ነው፤ አብዝተው ሲያፈሱ ግን የብርሃኑ መንገድም ስለሚረዝም ንባቡ ሙሉ በሙሉ በግማሽ አይወርድም። ስለዚህ ሁለቱን መጠኖች በአንድ ሰንጠረዥ አያነጻጽሩ፤ ስታፊሎኮከሱና ፕሴዶሞናሱ የየራሳቸው ባዶና የየራሳቸው ኮንትሮል ይኑራቸው። ኢታኖሉን 30 ደቂቃ ሲያቆዩም ክዳኑን ይግጠሙበት፤ ካልሆነ ከ250ው ላይ የሚተነው ቀለበቱን መልሶ ደረቅ ያደርገዋል።